የቤት ወጪና የሱቅ ዋና ገንዘብ
ከመንዝ አባቶች የቁጠባ ደንብ ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት

ንግድ በሁለት ቦታ ይካሄዳል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። አንደኛው ሸቀጥ የሚሸጥበት ሱቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትርፉ የሚበላበት ቤት ነው። ነጋዴው በመጀመሪያው ቦታ እጅግ ይጠነቀቃል፤ የጅምላውን ዋጋ ያማርጣል፣ የጭነቱን ሒሳብ ያሰላል፣ በአንድ ኪሎ ስኳር ላይ ለምትገኘው ጥቂት ትርፍ ይከራከራል። በሁለተኛው ቦታ ግን ወጪውን የሚያውቀው ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ ገበያ ሳይጠፋ፣ ሌባ ሳይገባና እሳት ሳይነሣ የሚዘጋ ሱቅ ብዙ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ የቤት ወጪ የሱቅን ዋና ገንዘብ እንዴት እንደሚበላና ይህም በምን ዓይነት ደንብ ሊገታ እንደሚችል መግለጽ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆን ዘመሮን መመልከት ይጠቅማል። ዘመሮ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ብርዳማ ደጋ ሲሆን ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራበታል፤ በግ ይረባበታል፤ ከበጉም ጠጕር ባናና ዝተት ይሠራበታል። በዙሪያው ያለው ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው ወር በወር አይደለም፤ አዝመራ ሲሰበሰብና ለበዓል በግ ሲሸጥ ነው። በመካከል ላለው ጊዜ ጨውን፣ ሳሙናን፣ ዘይትንና ክብሪትን ከባለሱቁ በዱቤ ይወስዳል። በልግ የቀረ ወይም ውርጭ ሰብሉን የመታው እንደ ሆነ፣ ዱቤው ለሚቀጥለው አዝመራ ይተላለፋል። ስለዚህ የባለሱቁ ገቢ አንድ ወር ይሞላል፣ ሌላ ወር ይጎድላል፤ የቤቱ ጉሮሮ ግን በየዕለቱ ይጠይቃል። በሞላበት ወር እንደ ልቡ የሚያወጣ ሰው በጎደለበት ወር ከዋናው ገንዘብ መንካቱ የማይቀር ነው።

1ኛ. ዋና ገንዘብ ሳይታወቅ የሚያልቅበት መንገድ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል 200,000 ብር የሚያወጣ ሸቀጥ በመደርደሪያው ላይ ያለው አንድ ባለሱቅ ይታሰብ። በወር 100,000 ብር ቢሸጥና ከመቶ 10 ቢያተርፍ ያልተጣራ ትርፉ 10,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ የጭነትና የግብር ድርሻ 3,000 ብር ቢነሣ የተጣራው 7,000 ብር ይሆናል። ቤቱ በወር የሚያወጣው 8,500 ብር ቢሆን፣ 1,500 ብር በየወሩ ከዋናው ገንዘብ ይበላል ማለት ነው። ይህ ለአንድ ወር ሲታይ አያስደነግጥም። በዓመቱ መጨረሻ ግን 18,000 ብር ጎድሎ ዋናው ገንዘብ 182,000 ብር ይሆናል።

ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። በዚያው ዓመት የሸቀጡ ዋጋ ከመቶ 20 ቢጨምር፣ ያንኑ መደርደሪያ እንደ ቀድሞው ለመሙላት 240,000 ብር ያስፈልጋል። ባለሱቁ በእጁ ባለው ገንዘብ የሚሞላው ከመደርደሪያው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለ ዋጋው ንረት ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ የቤቱን ወጪ ግን መግታት በእጁ ነው። ደንበኛው የፈለገውን ዕቃ ሲያጣ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ሽያጩ ይቀንሳል፤ የቤቱ ወጪ ግን እንደ ነበረ ይኖራል። በዚህ ጊዜ ነው ባለሱቁ አራጣ አበዳሪ ፍለጋ የሚወጣው።

ይህ ጉዳይ ለአስመጪውና ለጅምላ ነጋዴውም የራቀ አይደለም። የትንሹ ከተማ ባለሱቅ ሸቀጡን ከፊሉን በዱቤ ከጅምላ ነጋዴ ያመጣል፤ ጅምላ ነጋዴውም ከአስመጪው። በታችኛው ቤት የተበላ ዋና ገንዘብ በላይኛው መዝገብ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ይታያል።

2ኛ. የጓሳ ደንብ

ብዙ ሰው ቁጠባን ከወጪ የተረፈ ገንዘብ አድርጎ ይቈጥረዋል። በዚህ ሐሳብ የሚሄድ ሰው ከቶ አይቈጥብም፤ ከወጪ የሚተርፍ ነገር የለምና። ትክክለኛው መንገድ ቁጠባውን አስቀድሞ ማንሣትና ቀሪውን ማውጣት ነው። የመንዝ ሰው ይህን ትምህርት ከሩቅ አገር መቅዳት አያስፈልገውም፤ አባቶቹ በጓሳ ምድር ላይ ሲሠሩበት ኖረዋልና።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሰፊ የሣር ምድር ነው። የሚገኘውም በጌራ ምድር በኩል ሲሆን፣ ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል ቀድሞ አንድ ወረዳ ነበሩ። የአስቦና የጌራ ትውልዶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይህን ምድር በጋራ ደንብ እንደ ጠበቁት ይነገራል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል፤ በድርቅ ጊዜም ለከብት መሸሻ ይሆናል። ምድሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ ወይም ችግር ሲጸና፣ ሰዉ በመረጠው አለቃ መሪነት ተመክሮ የመክፈቻው ቀን ይወሰናል። የተከፈተውም እንደ ገና ይዘጋል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የቀድሞው የአጠባበቅ ሥርዓት መሠረቱን አጣ፤ ዘመናት የጠበቁትም ሣርና ቍጥቋጦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጎዳ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቁሟል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሀብቱን ያቆየው የሣሩ ብዛት ሳይሆን ደንቡ ነው።

ይህ ደንብ ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛ፣ ሀብቱ የሚዘጋው ከመበላቱ በፊት ነው። ሁለተኛ፣ የሚከፈትበት ቀንና ምክንያት የታወቀ ነው። ሦስተኛ፣ ጠባቂው የአንድ ሰው ፈቃድ ሳይሆን የሁሉም ስምምነት ነው። እነዚህን ሦስቱን ወደ ቤቱ የሚያስገባ ነጋዴ ቁጠባን ጀመረ ይባላል።

3ኛ. ደንቡ በቤት ውስጥ

መጀመሪያ፣ ባለሱቁ ለራሱ ደመወዝ ይቍረጥ። የሱቁ ገንዘብ በአንድ ከረጢት፣ የቤቱ ገንዘብ በሌላ ከረጢት ይቀመጥ። ቤቱ ከሱቁ የሚቀበለው በወሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ የተወሰነውን ደመወዝ ብቻ ነው። ከመደርደሪያ ለቤት የሚነሣው ስኳር፣ ዘይትና ሳሙናም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ዱቤ በመዝገብ ይጻፍና ከደመወዙ ይታሰብ። በብዙ ሱቅ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ያልተጻፈ ዕቃ ነው።

ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የወሩን ወጪ አስቀድመው ይጻፉ። ባል የሚያውቀው የሱቁን፣ ሚስት የምታውቀው የጓዳውን ስለ ሆነ፣ አንዱ ያለ ሌላው የሚያወጣው ሒሳብ ጎደሎ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ሐኒ ሞቶኮ የተባሉት ጃፓናዊት ጋዜጠኛ ለእመቤቶች የሚሆን የቤት ሒሳብ መዝገብ አሳትመው ነበር። የመዝገቡ ዋና ጥቅም ለእያንዳንዱ የወጪ ዓይነት አስቀድሞ ልክ ማበጀቱ ነው። ለዚህ ሥራ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እህል፣ ወጥና ቅመም፣ ማገዶና መብራት፣ ልብስ፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ እድርና ማኅበር፣ በዓል ተብሎ በየረድፉ ይከፈል፤ በወሩ መጨረሻ የታሰበውና የወጣው ጎን ለጎን ይታይ።

ሦስተኛ፣ የሚዘጋው ገንዘብ ከሁሉ በፊት ይነሣ። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ከተጣራው 7,000 ብር አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 700 ብር ቢዘጋ፣ ለቤት 6,300 ብር ይቀራል። የተዘጋው በዓመት 8,400 ብር ይሆናል። ቀድሞ ይጎድል ከነበረው 18,000 ብር ጋር ሲነጻጸር የሁለቱ አኗኗር ልዩነት በአንድ ዓመት 26,400 ብር ነው። ከ8,500 ብር ወደ 6,300 ብር በአንድ ወር መውረድ ግን አስቸጋሪ ስለ ሆነ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ መውረድ ይሻላል፤ በችኮላ የተጀመረ ቁጠባ በችኮላ ይፈርሳልና።

4ኛ. የዓመቱ ወራት

የደጋው ነጋዴ በጀት የወር ብቻ ሳይሆን የዓመትም መሆን አለበት። በታኅሣሥና በጥር አዝመራ ገብቶ ዱቤ ይመለሳል። ይህ ወራት የልደትና የጥምቀት ድግስ የሚያባብልበት ቢሆንም፣ እህል የሚረክስበትም ወራት ነው። የዓመቱን ገብስና ስንዴ በዚህ ጊዜ ገዝቶ በጎተራ የሚያኖር ቤተሰብ፣ በክረምት በጣሳ እየሰፈረ ከሚገዛው ቤተሰብ እጅግ ያነሰ ያወጣል። በክረምት የሚጨመረው ዋጋ ለባለሱቁ ቤት የማይታይ አራጣ ነው።

ከዚያም ዐቢይ ጾም ይገባል። በ55 ቀን ውስጥ ሥጋ፣ ቅቤና እንቍላል አይገዛም፤ ይህ ሳይበላ የቀረ ገንዘብ በደብተሩ ለብቻው ሊጻፍ ይገባል። ብዙ ቤት ግን የ55 ቀኑን ትርፍ በትንሣኤ አንድ ሳምንት ያጠፋዋል። ለበዓሉ ልክ አበጅቶ ቀሪውን መዝጋት በዓልን ማዋረድ አይደለም።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናቡ ይጸናል፤ ጭቃው መንገዱን ያከብደዋል፤ ዱቤው ያድጋል። በመስከረም ደግሞ እንቍጣጣሽ፣ መስቀልና የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ባንድነት ይመጣሉ። እንግዲህ የተዘጋው ገንዘብ የሚከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። መክፈቻው ቀንና ምክንያት አስቀድሞ ስለ ታወቀ፣ በሚያዝያ አንድ ዘመድ ለሠርግ ብድር ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ የተዘጋጀ ነው።

5ኛ. ገንዘቡ የሚቀመጥበት ቦታ

እቁብ ሰውን አስገድዶ ስለሚያስቈጥብ መልካም ነው፤ ሆኖም ዕጣው የሚወጣበት ቀን አይታወቅምና ለድንገተኛ ሕመም አይታመንም። የእቁብ ገንዘብ ለሸቀጥ መግዣ ይስማማል። እድር ለሐዘን ጊዜ የተሠራ ስለ ሆነ ለሌላ ጉዳይ አይታሰብም። በግ ማርባት ለደጋው ሰው የቆየ ቁጠባ ቢሆንም፣ በሽታና ድርቅ ያሰጋዋል፤ በድርቅ ዘመን ሁሉም ባንድነት ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰዎች ይህን በመከራ ተምረውታል።

ባንክ ከሌባና ከእሳት ይጠብቃል፤ ገንዘቡ ከእጅ ስለሚርቅም ጠባቂ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ አድርጓል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በነበሩት አያሌ ዓመታት የዋጋው ንረት ከወለዱ በልጦ ሄዷል። ደግሞም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣ ሸቀጥ ዋጋ ጨምሯል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ቦታ አያኖርም። የሦስት ወር የቤት ወጪ የሚሆነውን በባንክ ይዘጋል፤ ከዚያ የሚበልጠውን ቶሎ በሚሸጥና በማይበላሽ ሸቀጥ ላይ ያውለዋል። ሸቀጡ ግን የቤት ጓዳ እንዳይሆን በመዝገብ ይጠበቅ።

6ኛ. ቁጠባና ንፍገት

ቁጠባ ሲባል ንፍገት የሚመስለው ሰው አለ። ሁለቱ ግን በጣም ይለያያሉ። ንፉግ ለሚያስፈልገው ነገር እንኳ አያወጣም፤ ቈጣቢ ግን ለማያስፈልገው አያወጣም። ከልጆች ምሳ፣ ከደብተራቸውና ከመድኃኒት መቀነስ ቁጠባ አይደለም፤ የነገውን ጉልበት መሸጥ ነው። ሚዛን ማጉደልም ከቁጠባ አይቈጠርም፤ ደንበኛን ያሳጣልና።

ቁጠባ የሚገኘው በትንንሹ ነገር ነው። በሦስት ጉልቻ ፈንታ ምርጥ በሚባለው የእንጀራ ምድጃ መጋገር የማገዶን ወጪ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። አሮጌውን ባና ጠግኖ መልበስ፣ ሰው በሌለበት ክፍል መብራት ማጥፋት፣ ወደ ገበያ ሲወጡ የሚገዛውን ጽፎ መሄድ፣ ለክርስትናና ለተዝካር ከአቅም በላይ አለመደገስ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ጥቂት ነው። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በደብተር ሲደመር በዓመቱ መጨረሻ የአንድ ጭነት ሸቀጥ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ቁጠባን መጀመር የሚፈልግ ባለሱቅ በመጪው ወር መጀመሪያ ቀን ሦስት ነገር ያድርግ፤ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ሸቀጥ ቈጥሮ ዋጋውን ይጻፍ፤ ከባለቤቱ ጋር ተማክሮ የቤቱን ደመወዝ ይቍረጥ፤ ከደመወዙም በፊት የሚዘጋውን ያንሣ፣ የመክፈቻውንም ቀን ይወስን። ከ12 ወር በኋላ ያንኑ ሸቀጥ እንደ ገና ሲቈጥር ቤቱ ሱቁን ሲያኖር ወይም ሲበላ እንደ ከረመ በግልጽ ያገኘዋል።