ስሙን በእጅዎ፣ ቤቱን በኪራይ፦ የመጀመሪያ ድረ ገጽዎን ከመክፈትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ፖላሪስን ሰው የሚያውቃት በገበያዋ ነው፤ በፋሽን ፕሌስ፣ በ2017 በተከፈተው አይኪያ፣ በጄፒ ሞርጋን ቼዝ ሰፊ ቢሮ። ከዚህ የኮለምበስ ሰሜናዊ ጫፍ በመኪና ብዙ በማይርቁት በኒው አልባኒ፣ በደብሊንና በሂሊያርድ ግን ከውጭ ሲያዩዋቸው መጋዘን የሚመስሉ ሌሎች ሕንጻዎች አሉ። ጎግልና ሜታ ኒው አልባኒ ላይ የዳታ ማዕከል አላቸው። አማዞንም «ኦሃዮ» ብሎ የሰየመውን የሰርቨር ቀጠና በ2016 ከፍቷል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የዓለም ድረ ገጽ አንድ ትልቅ ክፍል የሚያድረው እኛ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስንቀመጥ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። አንዱ የአባቱን ማስታወሻ ለልጅ ልጆቹ ማቆየት ይፈልጋል። አንዷ ነርስ ናት፤ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በአማርኛ መጻፍ ታስባለች። ሌላው ፎቶ አንሺ ነው፤ የሠርግ ሥራዎቹን የሚያሳይበት ቦታ ይሻል። ሁሉም የሚጠይቁኝ «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» ብለው ነው። እኔም ከመመለሴ በፊት እጠይቃቸዋለሁ፦ «ስሙ በማን ይመዘገባል?»

ዶሜይን የድረ ገጹ ስም ነው። ሆስቲንግ ፋይሎቹ የሚያድሩበት ቤት ነው። ሁለቱ ለየብቻ የሚገዙ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ጀማሪ ግን ሻጩ አንድ ላይ አስሮ ስለሚያቀርብለት አንድ ይመስሉታል። ቤት ይቀየራል፤ ኪራዩ ሲወደድ ዕቃዎን ጭነው ይወጣሉ። ስሙ በእጅዎ ካለ አንባቢዎ በዚያው አድራሻ ያገኝዎታል። ስሙ ከሌለዎት ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራሉ።

ይህን የተማርሁት ተጎድቼ ነው። የመጀመሪያ ድረ ገጼን ስከፍት ስሙንም ቤቱንም ከአንድ ሻጭ በአንድ ጥቅል ገዛሁ። ኢሜይሌንም በዚያው ዶሜይን አደረግሁት፤ የሻጩን አካውንት ያስመዘገብሁትም በዚያው ኢሜይል ነበር። የባንክ ካርዴ ጊዜው አልፎ ሲቀየር እድሳቱ ሳይከፈል ቀረ። ድረ ገጹ ሲዘጋ ኢሜይሉም አብሮ ተዘጋ፤ ማስጠንቀቂያው ይላክ የነበረውም ወደዚያው ወደ ተዘጋው ሳጥን ነበር። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ጠፋብኝ። እናቴ ስለ ልጅነቷ እየነገረችኝ የጻፍሁት ከዚያ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ደግሜ ልጠይቃት አልችልም።

ስሙን ሲያስመዘግቡ

ዶሜይኑ በራስዎ ስም፣ በራስዎ ካርድ፣ በራስዎ አካውንት ይመዝገብ። ጎበዝ የወንድም ልጅ ወይም «ዌብሳይት እሠራለሁ» የሚል ወዳጅ ሊያግዝዎ ይችላል፤ ግን በእርሱ አካውንት አያስመዝግብ። ክፋት ስላለው አይደለም። ሰው ሥራ ይቀይራል፣ አገር ይቀይራል፣ ስልኩን ይቀይራል፤ ያን ጊዜ ስሙን ማስመለስ ጭንቅ ነው።

ለአካውንቱ የሚሰጡት ኢሜይል ከዶሜይኑ ውጭ ያለ፣ በየቀኑ የሚከፍቱት ይሁን። ሁለት ደረጃ ያለውን መግቢያ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልክዎ የሚመጣውን ኮድ፣ ያብሩት። እድሳቱ በራሱ እንዲከፈል አድርገው ቢያስተካክሉም ቀኑን በግድግዳ ካላንደርዎ ላይ ይጻፉት፤ ካርድ ጊዜው ያልፋል። ጊዜው ያለፈ ዶት ኮም ወዲያው ለሌላ አይሸጥም፤ ነገር ግን መጀመሪያ ያለው የምሕረት ጊዜ ካለቀ በኋላ በሚመጡት 30 ቀናት ለማስመለስ የሚጠየቁት ገንዘብ ከመደበኛው እድሳት ብዙ እጥፍ ነው።

ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። በመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር ብሎ የሚያማልል ሻጭ ሲያዩ የሁለተኛውን ዓመት ዋጋ ይፈልጉ። የቤት አድራሻዎና ስልክዎ በሕዝባዊው መዝገብ እንዳይታይ የሚሸፍነውን አገልግሎት ብዙ ሻጮች በነጻ ይሰጣሉ፤ ለእርሱ አይክፈሉ። ስም ከተመዘገበ በኋላ በፖስታ የክፍያ መጠየቂያ መስሎ የሚመጣ «ዶሜይንዎን ያድሱ» የሚል ደብዳቤ ሊደርስዎ ይችላል። ከገዙበት ሻጭ ካልሆነ ይቅደዱት። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው አባቶችና እናቶች ከመንግሥት የመጣ መስሏቸው ቼክ ጽፈው የሚልኩት እንዲህ ያለውን ነው።

ነጻ ቤት እስከ መቼ?

ነጻ ነገር አይናቅም። ግን ታሪኩን ይወቁት። ሰውን በኮምፒዩተር ቀድመው ካገናኙት ድርጅቶች አንዱ ኮምፒዩሰርቭ በ1969 የተመሠረተው እዚሁ ኮለምበስ ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ጊፍ የተባለው የምስል ዓይነት በ1987 የወጣው ከዚያ ነው። በ1998 ድርጅቱ ለአሜሪካ ኦንላይን ተላለፈ፤ የቀድሞው አገልግሎቱም በ2009 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ያሁ የሚሊዮኖች የግል ገጽ ያረፈበትን ጂኦሲቲስን ዘጋ። አድራሻቸው የኩባንያው ስለነበረ የሰዎቹ ገጽ ከኩባንያው ጋር ሄደ።

የእኛ አገር ታሪክ ደግሞ ሌላ ጎን አለው። በ2006 ኢትዮጵያ ውስጥ ብሎግስፖት እንዳለ ታገደ። ፖለቲካ የሚጽፈውም፣ ስለ ወጥ አሠራር የሚጽፈውም እኩል ተዘጋበት፤ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩና። በሰኔ 2018 መንግሥት 264 ድረ ገጾችን ከእገዳ መልቀቁን እስኪያስታውቅ ድረስ ብዙዎች ዓመታት ጠብቀዋል። የራሱ ስም ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ቤት ቀይሮ በዚያው አድራሻ መነሳት ይችላል።

ስለዚህ በነጻ ይጀምሩ፤ ነገር ግን የራስዎን ስም ማያያዝ የሚፈቅድ ነጻ ቤት ይምረጡ። ጊትሃብ ፔጅስና ክላውድፍሌር ፔጅስ ይህን ያለ ክፍያ ይፈቅዳሉ።

ሶፍትዌሩ

ብዙ ጀማሪ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ ከሚገባው በላይ የሚደክመውም እዚሁ ነው። በወር ስንት ጊዜ ይጽፋሉ? ማን ያዘምነዋል? ለሁለቱ መልስ ካለዎት ምርጫው ግማሹ አልቋል።

ዎርድፕረስ በ2003 የወጣ፣ ዛሬ ከአምስት ድረ ገጽ ሁለቱን ገደማ የሚያንቀሳቅስ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሁለት መልክ እንዳለው ግን አይርሱ። ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ሶፍትዌሩን ይሰጥዎታል፤ ቤቱን፣ ማዘመኑን፣ ጥበቃውን ራስዎ ይችላሉ። ዎርድፕረስ ዶት ኮም ደግሞ ሁሉን ይዞልዎ የሚያኖር አገልግሎት ነው። የመጀመሪያውን መርጦ ለስድስት ወር ዞር ብሎ ያላየው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በአሮጌ ፕለጊን (በተጨማሪ መሣሪያ) የገባ ሌባ ነው። ጽሑፋቸው ወደ ቁማር ማስታወቂያ ተቀይሮ የጠበቃቸውን ሰዎች አውቃለሁ።

ሁለተኛው መንገድ ቋሚ ገጽ ነው። እንደ ሁጎ ባለ ፕሮግራም ጽሑፍዎን በኮምፒዩተርዎ ላይ ወደ ተራ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይለውጡና ይጭኑታል። ሰርቨሩ ላይ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የለም፣ የሚሰበር የመግቢያ በር የለም፣ ሳያዘምኑት አሥር ዓመት ይቆማል። ለመማር ሁለት ቅዳሜ ይፈጃል። የአባቱን ማስታወሻ ለማቆየት ለሚፈልገው ሰው ያለ ማመንታት ይህን እመክረዋለሁ። መማሩ ከከበደው የመንደሩ ጎረምሳ አንዴ ይትከልለት፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ነገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛው እንደ ዊክስና ስኩዌርስፔስ እየጎተቱ የሚያስቀምጡበት ነው። ለፎቶ አንሺው ያምራል፣ ይፈጥናል። ነገር ግን ዊክስ ላይ የተሠራ ድረ ገጽ እንዳለ ወጥቶ ሌላ ቤት አይገባም፤ ኩባንያው ራሱ ይህን ይናገራል። ስኩዌርስፔስ ከፊሉን ያስወጣል። «ልወጣ ብፈልግ ምን ይዤ እወጣለሁ?» ብለው ሳይጠይቁ ካርድዎን አያውጡ።

በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ

ይህን ክፍል አብዛኛው የእንግሊዝኛ መመሪያ አይነግርዎትም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ በሚለዩበት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ፋይል ካለዎት፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የማይገባ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ድረ ገጹ ላይ ከመጫንዎ በፊት ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት። ሙከራው ቀላል ነው፦ አንድ አንቀጽ ቀድተው በስልክዎ መልእክት ላይ ይለጥፉ፤ ፊደል ሆኖ ከወጣ ደህና ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሦስት መስመር አማርኛ በሙከራው ገጽ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ዘግተው ይክፈቱ። ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከጠበቀዎ ዳታቤዙ በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም በዩኒኮድ አጻጻፍ፣ አልተዋቀረም። ቴምፕሌቱ የሚያምረው በእንግሊዝኛ ፎንት ስለታየ ሊሆን ይችላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ሲል ማስገባት መቻሉን ይመልከቱ፤ ሦስቱም ነጻ ናቸው። የመስመሩን ክፍተት ከፍ ያድርጉት፤ ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ አየር ይፈልጋል።

የገጹ ሊንክ ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ። አንድ የግዕዝ ፊደል በሊንክ ውስጥ ሲገለበጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ሰላም» ብቻ 27 ምልክት ነው። አንድ ሙሉ ርዕስ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግማሽ ገጽ ሊሞላ ይችላል፤ የሚከፍተው ሰውም ቫይረስ ይመስለዋል። ርዕሱን በአማርኛ ይጻፉ፣ ሊንኩን በአጭር የላቲን ፊደል ያድርጉት።

ሌላው የፍለጋ ሳጥኑ ነው። «ፀሐይ» ብለው የጻፉትን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ አያገኘውም፤ ሶፍትዌሩ ሁለቱ ፀ እና ሦስቱ ሀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። አንድ አጻጻፍ ይዘው ይዝለቁ፤ ሌላኛውን በገጹ መለያ ቃላት ውስጥ ያስገቡት።

አንባቢዎ የት ነው?

ሰርቨሩ ኒው አልባኒ ቢሆን ለፖላሪስ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ባሕር ዳር ያለችው እህትዎ ግን የምትከፍተው በስልኳ፣ በገዛችው የዳታ ጥቅል ነው። ከስልክዎ በቀጥታ የጫኑት አንድ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ አሥሩ ጥቅሏን ይበላባታል። ፎቶውን ወደ 1600 ፒክስል ስፋት ቢቀንሱት 300 ኪሎባይት አካባቢ ይወርዳል፤ በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ከመክፈትዎ በፊት አገር ቤት ላለ ሰው ሊንኩን ይላኩና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይጠይቁት። ይህ ሙከራ ከየትኛውም የፍጥነት ማስታወቂያ ይበልጣል።

ሒሳቡ

«በወር 3 ዶላር» የሚለው የሆስቲንግ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ዓመቱን በአንዴ ለሚከፍል ነው፤ ሲታደስም ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆንበት ብዙ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የአንድ ዓመት ብቻ ይክፈሉ። የደኅንነት ሰርተፍኬት፣ ማለትም አሳሹ ገጹን «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እንዳይለው የሚያደርገው፣ ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ድርጅት በነጻ ይገኛል፤ ለእርሱ ገንዘብ የሚጠይቅ ቤት ለግል ገጽ አይመቸዎትም። በክፍያው ገጽ ላይ ምልክት ተደርጎባቸው የሚጠብቁዎትን ተጨማሪ ዕቃዎች አንድ በአንድ ያጥፏቸው። ስምዎን በ15 ዶላር ገዝተው ቋሚ ገጽ በነጻ ቤት ካኖሩ የዓመቱ ወጪዎ እርሱው ነው።

ቅጂውና ቁልፉ

ሆስቲንጉ «በየቀኑ ባክአፕ እንይዛለን» ቢልዎ ይመኑት፤ ግን አይተማመኑበት። በወር አንድ ቀን ሙሉውን ድረ ገጽ አውርደው በቤትዎ ባለ ዲስክ ላይ ያኑሩ። ዎርድፕረስ ከሆነ ጽሑፉ ብቻ አይበቃም፤ ፎቶዎቹ ያሉበትን አቃፊም ይጨምሩ። ከዚያም አንድ የሚያምኑት ሰው ዶሜይኑ የት እንደተመዘገበ፣ በየትኛው ኢሜይል እንደሚገባ ይወቅ። የታመመ ሰው እድሳት አይከፍልም፤ ልጆቹም መኖሩን ካላወቁ ስሙ በዓመቱ ለሌላ ሰው ይሸጣል።

የእርስዎ ዶሜይን ዛሬ በሌላ ሰው አካውንት ተመዝግቦ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ይደውሉለትና ወደ ራስዎ አካውንት እንዲያዛውረው በትሕትና ይጠይቁት። አዲስ የተመዘገበ ስም ወደ ሌላ ሻጭ ለመዛወር ብዙውን ጊዜ 60 ቀን መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ጭቅጭቅ ሳይመጣ፣ የካርዱ ጊዜ ሳያልፍ፣ ሁለታችሁም በፍቅር እያላችሁ ይጀምሩት።