ሊትሩ ሲረክስ ኪሎ ሜትሩም ይረክሳል?
ባዮዲዝል ከመግዛት በፊት የሚሠራ የናፍጣ ሒሳብ

የጭነት መኪና ባለንብረት ዓመቱን በትርፍ መዝጋት አለመዝጋቱ በአብዛኛው የሚወሰነው መኪናው በሚያቃጥለው ናፍጣ ነው። በመሆኑም ከተለመደው ናፍጣ በሊትር ጥቂት ሳንቲም የሚቀንስ ነዳጅ መጣ ሲባል የብዙው ነጋዴ ጆሮ ይቆማል። ባዮዲዝል ከእነዚህ ነዳጆች አንዱ ነው።

ነዳጁ በዓለም ገበያ እንግዳ አይደለም። ኢንዶኔዥያ ከዘንባባ ዘይት የሚሠራውን ባዮዲዝል እ.ኤ.አ. በ2020 በናፍጣ ውስጥ 30 በመቶ፣ በ2023 35 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ 40 በመቶ እንዲቀላቀል አድርጋለች። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የባዮፊውል ስትራቴጂ ከጃትሮፋና ከጉሎ ፍሬ ባዮዲዝል የማምረት ዓላማን ይዟል። ነጋዴው ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ግን አጭር ነው። የሊትሩ ዋጋ መቀነስ የኪሎ ሜትሩን ወጪ ይቀንሳል?

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ባዮዲዝል የሚገኘው የአትክልት ዘይት ወይም የእንስሳት ሞራ ከሜታኖል ጋር ተዋሕዶ ግሊሰሪኑ ሲወገድ ነው። እንዲሁ ከጀሪካን ወደ መኪና የሚገለበጥ የምግብ ዘይት ባዮዲዝል አይባልም፤ ሞተርም ያበላሻል። ባዮዲዝል ከክብደቱ 11 በመቶ ገደማ ኦክስጅን በመሆኑ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚይዘው ኃይል ከናፍጣ ከ8 እስከ 9 በመቶ ያንሳል። በኪሎ ሲመዘን ደግሞ ልዩነቱ ወደ 12 በመቶ ይጠጋል። በቶን የሚዋዋል ደላላ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር መዘንጋት የለበትም።

20 በመቶ ባዮዲዝልና 80 በመቶ ናፍጣ የያዘው ድብልቅ በንግዱ ዓለም ቢ20 ይባላል። የ8.5 በመቶ ጉድለት አንድ አምስተኛ 1.7 በመቶ ነው። ስለዚህ ቢ20 የሚጠቀም መኪና በተመሳሳይ መንገድ 2 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ነዳጅ ይጠጣል ተብሎ ይጠበቃል።

የዴንቨር አውቶቡሶች

በአሜሪካ የዴንቨር አካባቢ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅትና የአገሪቱ የታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ ያካሄዱትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። 9 አንድ ዓይነት አውቶቡሶች ተመርጠው 5ቱ በቢ20፣ 4ቱ በተራ ናፍጣ ለ2 ዓመት በአንድ መስመር ላይ ሠርተዋል። እያንዳንዱ አውቶቡስ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል።

በመጨረሻ መዝገቡ ሲደመር ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሊትር 1.87 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደው ተገኙ፤ ልዩነት አልታየም። አውቶቡሶቹ በቤተ ሙከራ ሲፈተኑ ግን ቢ20 ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ነዳጅ እንደሚፈጅ ታወቀ። ጉድለቱ እውነተኛ ቢሆንም በመንገድ ላይ በሹፌሩ አነዳድ፣ በተሳፋሪው ብዛትና በአየሩ ጠባይ ተውጦ ነበር።

ለ2 ዓመት፣ በ9 አውቶቡስ የተያዘ መዝገብ ያላሳየውን ልዩነት በአንድ ሙሌት አየሁ የሚል ሻጭ ወይም ገዢ ራሱን ያታልላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው።

መዝገቡ እንዴት ይያዝ?

አንደኛ፣ ታንኩ ሁልጊዜ ጢም ብሎ ይሞላ፤ የሚቻል ከሆነ በአንድ ማደያ። 400 ሊትር በሚይዝ ታንክ ላይ የ8 ሊትር የአሞላል ስሕተት 2 በመቶ ነው፤ ይህም ከሚፈለገው ልዩነት ጋር እኩል ነው። 10 ሙሌት በተከታታይ ቢመዘገብና ድምሩ 4 ሺህ ሊትር ቢሆን ግን፣ ስሕተት የሚያመጡት የመነሻውና የመጨረሻው ሙሌት ብቻ ስለሆኑ ያው 8 ሊትር ወደ 0.2 በመቶ ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ ይለካ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚወርድ መኪና ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል፤ ሲመለስ ያንኑ ዳገት ጭኖ ይወጣል። ቁልቁለቱን በአንዱ ነዳጅ፣ ዳገቱን በሌላው ለክቶ ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ፣ ሙቀት ይታሰብ። 1 ሺህ ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር 0.8 ሊትር ገደማ ይለጠጣል። በ20 ዲግሪ ልዩነት ይህ 16 ሊትር፣ ማለትም 1.6 በመቶ ይሆናል። በቆላ ሙቀት የተቀዳ ሊትርና በደጋ ብርድ የተቀዳ ሊትር የሚይዙት ኃይል እኩል አይደለም።

አራተኛ፣ ነዳጁ እንደተለወጠ የሚመጡት 2 ወይም 3 ሙሌቶች ከሒሳቡ ይውጡ። በ400 ሊትር ታንክ ውስጥ 100 ሊትር አሮጌ ናፍጣ ቀርቶ 300 ሊትር ቢ20 ቢጨመር በታንኩ ውስጥ ያለው ባዮዲዝል 15 በመቶ ብቻ ነው። በተጨማሪም ባዮዲዝል በታንክና በቱቦ ውስጥ የቆየውን ዝቃጭ እያጠበ ወደ ፊልትሮ ያመጣል። ፊልትሮው ሲደፈን ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ጥፋቱም የነዳጁ ይመስላል።

አምስተኛ፣ ሲደመር እንጂ የየጉዞው አማካይ ተወስዶ አይካፈል። አንድ መኪና በ900 ኪሎ ሜትር 342 ሊትር፣ በሌላ የ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ 45 ሊትር ቢፈጅ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 38 እና 45 ሊትር ሆነ ማለት ነው። የሁለቱ አማካይ 41.5 ይሆናል። ትክክለኛው ግን 387 ሊትር ለ1 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 38.7 ነው።

ምስክር መኪና

ከሁሉም የሚበልጠው ዘዴ አንድ መኪና ሳይለወጥ በናፍጣ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ክረምት ቢገባ፣ መንገዱ ቢበላሽ፣ ጭነቱ ቢከብድ ሁለቱንም ይነካቸዋል።

ለምሳሌ ወደ ቢ20 የተዛወረው መኪና ከለውጡ በፊት በ100 ኪሎ ሜትር 38 ሊትር፣ ከለውጡ በኋላ 39.5 ሊትር ፈጀ እንበል። ጭማሪው 3.9 በመቶ ስለሆነ ባለንብረቱ ይደነግጣል። በናፍጣ የቀረው ምስክር መኪና ግን በዚያው ጊዜ ከ37 ወደ 37.8 ሊትር፣ ማለትም በ2.2 በመቶ ጨምሯል። ይህ ጭማሪ ከነዳጁ ለውጥ ጋር ግንኙነት የለውም። 1.039 ለ1.022 ሲካፈል በነዳጁ ላይ የሚላከከው 1.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ዋጋው የት ላይ ያዋጣል?

ለስሌት እንዲቀል የናፍጣ ዋጋ በሊትር 100 ብር ይሁን። 100 ብርን ለ1.017 ስናካፍል 98 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። ቢ20 ከዚህ በታች ከተሸጠ ያተርፋል፤ ከዚህ በላይ ከሆነ፣ ከናፍጣ የረከሰ ቢመስልም ያከስራል።

በ99 ብር ቢሸጥ በ100 ኪሎ ሜትር 38 ሊትር ይፈጅ የነበረው መኪና 38.65 ሊትር ይፈጃል። ወጪው ከ3 ሺህ 800 ብር ወደ 3 ሺህ 826 ብር ከፍ ይላል። በዓመት 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ 15 ሺህ 600 ብር ገደማ ነው። በሊትር 1 ብር አተረፍኩ ያለው ባለንብረት ይህን ሁሉ ከኪሱ አወጣ ማለት ነው።

በንጹሕ ባዮዲዝል የሚሠራ ሰው ደግሞ ጉድለቱን 8.5 በመቶ ብሎ ሲያሰላ የመዋጃ ዋጋው 91 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በዚህ ላይ በአሮጌ ሞተሮች የላስቲክ ቱቦና ማጣበቂያ መለወጥ ሊያስፈልግ ስለሚችል ይህም ወጪ ውስጥ ይገባል።

ጥራትም የዋጋ አካል ነው። በዴንቨሩ ጥናት ላይ በቢ20 በሚሠሩት አውቶቡሶች ፊልትሮ አልፎ አልፎ ተደፍኗል፤ በዋናነት የተጠረጠረውም ከመለኪያ በታች የሆነ ባዮዲዝል ነው። ገዢው ሻጩን ነዳጁ ንጹሕ ባዮዲዝልን የሚመለከተውን የአሜሪካ መለኪያ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ 6751 ወይም የአውሮፓውን ኢ.ኤን. 14214 ማሟላቱን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ሊጠይቀው ይገባል። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያድር ባለተሳቢ የአንድ ቀን ኪሳራው ከሊትር የተረፉትን ሳንቲሞች ጠራርጎ ይወስዳል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና በየሙሌቱ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን በታማኝነት የሚጽፍ ሹፌር ነው። መዝገቡ ነዳጁ ከመለወጡ ቢያንስ 10 ሙሌት ቀድሞ መጀመር አለበት። ነዳጁ ከተለወጠ በኋላ የሚከፈት ደብተር የሚያወዳድረው ነገር የለውም።