በገበቴ ላይ የበቀለ ጫካ

የዚህ ሳምንት ትምህርታችን ስለ ቦንሳይ ነው። ቃሉ ጃፓንኛ ነው። «ቦን» ማለት ዝርግ ዕቃ፣ እንደኛ ገበቴ ያለ ማለት ነው፤ «ሳይ» ደግሞ ተክል። አንድ ላይ ሲሆን «በገበቴ የተተከለ» እንደ ማለት ነው። (ገበቴ ምን እንደሆነ ያላወቃችሁ እናታችሁን ጠይቁ!)

ብዙ ሰው ቦንሳይ ልዩ የድንክ ዛፍ ዘር ያለው ይመስለዋል። የለም። ሜዳ ላይ ቢተከል ከቤት በላይ የሚያድገው ያው የምናውቀው ዛፍ ነው። «ምግብ ተከልክሎ ነው የቀጨጨው» የሚሉም አሉ። ይሄም ልክ አይደለም፤ የተራበ ዛፍ ይሞታል እንጂ አያምርም። ትንሽ አድርጎ የሚያቆየው የሰው እጅ ነው።

ከእነዚህ እጆች አንዱ የጆን ናካ ነበር። ናካ እ.ኤ.አ. በ1914 ኮሎራዶ፣ አሜሪካ ውስጥ ከጃፓናውያን ወላጆች ተወለዱ። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ወደ ጃፓን ሄዱና ቦንሳይን ከአያታቸው ተማሩ። በ1935 ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በኋላም ሎስ አንጀለስ ተቀምጠው በ1950 ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር የቦንሳይ ማኅበር መሠረቱ፤ ሁለት የታወቁ መጻሕፍትም ጻፉ። ከአያት የተማሩትን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩም፤ የጃፓን ልጅ ነህ አይደለህም ሳይሉ ለፈለገ ሁሉ አስተማሩ።

ከሥራቸው ሁሉ የሚታወቀው «ጎሺን» የተባለው ነው፤ ትርጉሙ «የመንፈስ ጠባቂ» ማለት ነው። አንድ ዛፍ ሳይሆን ጫካ ነው! በጃፓን በአንድ ቤተ መቅደስ አጠገብ ያዩት ረጃጅም ዛፍ የሞላበት ጫካ ከልባቸው አልጠፋ ብሎ፣ በ1964 ያሳደጓቸውን አራት ጥዶች በአንድ ዝርግ ዕቃ ላይ ተከሉ። ቆይተው ሦስት ጨመሩ፤ ምክንያቱም ያኔ የልጅ ልጆቻቸው ሰባት ነበሩ። ከዚያ ግን ችግር መጣ። ውሃው በደንብ አልፈስ አለና ከዛፎቹ አንዳንዶቹ ሞቱ። እሳቸው ያን ያህል የታወቁ ባለሙያ ናቸው እኮ! የሞቱትን በሌላ ተክተው ቀጠሉ። በ1973 የልጅ ልጆቹ አሥራ አንድ ደረሱ፤ ጫካውም አሥራ አንድ ዛፍ ሆነ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዛፍ።

ወላጆች ሆይ፣ በሀገር ቤት በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምታውቁት የሐበሻ ጥድ የእነዚህ ዛፎች የቅርብ ዘመድ ነው። ለልጆቻችሁ ብትነግሯቸው መልካም ነው።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ። የዛፍ አለቃው ጫፉ ላይ ያለው ቡቃያ ነው። ከእሱ የሚወርደው ሆርሞን ከታች ያሉትን ቡቃያዎች «ቆዩ፣ አትውጡ» ብሎ እንደ መያዝ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ ግን የታችኞቹ ይነቁና በየጎኑ ያቆጠቁጣሉ። ስለዚህ ባለሙያው ሲከረክም ዛፉን ማሳጠሩ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚያድግ እየመረጠ ነው። ሥሩም እንደዚሁ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ዛፉ ከዕቃው ይወጣና የሥሩ ጫፍ ተከርክሞ በአዲስ አፈር ይተከላል። ከዚያ ቀጫጭን አዳዲስ ሥሮች ያወጣል፤ ውሃ የሚጠጡትም በይበልጥ እነዚህ ቀጫጭኖቹ ናቸው።

ቅርንጫፉን ለማጎንበስ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሽቦ ይጠመጠምበታል። ለምን ይጎነበሳል? የወጣት ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያረጀ ጥድ ግን ክብደቱና በረዶው ስለሚጫነው ወደ ታች ያዘነብላል። ሽቦው ወራት ይቆያል፤ በጊዜው ካልተነሣ ግን ቅርፊቱ ውስጥ ይቀበርና ለዓመታት የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። ናካ ተማሪዎቻቸውን ዛፉን ቦንሳይ ለማስመሰል አትድከሙ፣ ይልቅ ቦንሳዩ ዛፍ ይምሰል ይሏቸው ነበር። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ውጭ ያለውን እውነተኛ ዛፍ ቆሞ ማየት ይጠይቃል።

ናካ ጎሺንን በ1984 ለሕዝብ እንዲታይ ሰጡ። እሳቸው በ2004 አረፉ፤ ጫካቸው ግን ዛሬም ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የዛፎች ማሳያ፣ በቦንሳይ ሙዚየሙ ውስጥ አለ። ውሃ የሚያጠጡትና የሚከረክሙት አሁን የሙዚየሙ ሠራተኞች ናቸው። በሙቀት ወራት ጥቂት ቀን ቢረሱት የስንት ዓመት ልፋት ይደርቃል። ዋሽንግተን የምትኖሩ ወይም ለጥየቃ የምትመጡ ሄዳችሁ እዩት፤ መግቢያው ነፃ ነው።

«እኛም ቤት እንትከል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ገበያ ላይ የሚሸጠው በአብዛኛው ትንሽ ጥድ ነው፤ ጥድ ደግሞ ቤት ውስጥ አይኖርም። ከሞተ በኋላ እንኳ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ ያታልላል። ለቤት ውስጥ ፊከስ ይሻላል፤ የዋርካና የሾላ ወገን ነው። ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ውሃ በሰዓት አይሰጥም፤ አፈሩን በጣት ነክታችሁ ላይኛው ደረቅ ሲል በደንብ አጠጡት። ዕቃው ከታች ቀዳዳ እንዳለው ማየት እንዳትረሱ!

የቤት ሥራ፦ በሰፈራችሁ ያለ አንድ ትልቅ ዛፍ ሳሉ። ሥር፣ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ቅርፊት፣ ቡቃያ የሚሉትን ቃላት በየቦታቸው ጻፉ። ከዚያ እናት፣ አባት ወይም አያት በልጅነታቸው ጥላ ሥር የተጫወቱበትን ዛፍ ጠይቁ፤ ስሙንና የት እንደነበረ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።