አንድ አፈር፣ ሁለት ዓይነት እግር

ሁለት ወንድማማቾች በዱመርሶ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ቡና ቢያርሙ፣ የአንዱ እግር አብጦ የሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ለምን?

ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) ተዋሲያን የሚያመጡት አይደለም። ደቃቅ የአፈር ማዕድናት በቆዳ ሲገቡ ሰውነት እንደ አለርጂ ይቆጣባቸዋል። ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጋላጭነቱ ከኤች ኤል ኤ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። እነዚህ ጂኖች የሚሠሩት ፕሮቲን የገባውን ባዕድ ነገር ለመከላከያ ሴሎች ተቀባይ ያሳያል፤ ቅርጹም ከሰው ሰው ይለያያል። አስምና መሰል አለርጂዎች በቤተሰብ የሚደጋገሙትም በከፊል በእነዚሁ ጂኖች ነው።

«ዘራቸው ነው» ተብሎ ኒካሕ ሲፈርስ ሰምቻለሁ። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ብቻ ነው፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ከልጅነቱ ጫማ የሚያደርግም ይጠበቃል። ኪኒን የሚጠይቁኝ አሉ፤ ለዚህ የሚዋጥ ፈዋሽ ኪኒን የለም። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መሐል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ ነው ሕክምናው። ዉዱእ አድርገን በእርጥብ እግር አፈሩን የምንረግጥ ብዙ ነን፤ የየመስጂዱ ኮሚቴ በመታጠቢያው በር ነጠላ ጫማ ቢያስቀምጥ መልካም ነው።