ሒጃቧን አወለቀች ወይስ አጠበቀች?

ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች ሙስሊም ሴት ራሷን ካልሸፈነች «ተለወጠች» ትባላለች። ሳትሸፈን ሄዳ ተሸፍና ከተመለሰች ደግሞ «ማን አስገደዳት?» ይባላል። እኛ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎችም በክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ ቀርቦልን ብዙዎቻችን የጠየቅነው ይህንኑ ነበር። «እስቲ እሷን እንጠይቃት» ያለ ግን አልነበረም። ስለዚህ ጉዳዩን ቀስ ብለን እንየው።

ከየት ወጣች?

ቱርክ ለብዙ ዓመታት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሻሽ ማሰርን ስትከለክል ኖራለች። በኢስታንቡል ሕክምና ትማር የነበረችው ለይላ ሻሂን እ.ኤ.አ. በ1998 ሻሽ በማሰሯ ከፈተና ተከለከለች፤ በ1999 ቪየና ሄዳ ትምህርቷን ቀጠለች። ጉዳዩን ያየው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2005 ለቱርክ መንግሥት ፈረደ። መርቬ ካቫክቺም በሻሿ ምክንያት በአንካራ የጀመረችውን ሕክምና ትታ በአሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ የኮምፒዩተር ምሕንድስና ተምራለች። ለእነዚህ ሴቶች ውጭ አገር ሻሻቸውን የጣሉበት ሳይሆን ሻሻቸውን እንዳሰሩ የተማሩበት ቦታ ነው።

በኢራን ግን ከ1983 ጀምሮ ሕግ መሸፈንን ያስገድዳል። ከዚያ የወጣች ተማሪ ልታወልቅ ትችላለች፤ አምናበት ልትቀጥልም ትችላለች። አሁን ግን ውሳኔው የራሷ ነው።

እዚያ ምን ይገጥማታል?

አገሯ ሳለች ብዙም የማትጠየቀውን «ለምን ትለብሻለሽ?» የሚል ጥያቄ እዚያ ደጋግማ ትሰማለች። መልስ ስትፈልግ እምነቷን፣ የአገሯን ልማድና የቤተሰቧን ፈቃድ ለያይታ ማየት ትጀምራለች። አንዷ ማንነቷን እንዳታጣ ታጠብቃለች። ሌላዋ አባያውን ትታ በረጅም ኮትና በሻሽ ትሄዳለች። ሌላዋ ደግሞ ታወልቃለች፤ ግን ነፃነት ተሰምቷት ወይስ በአውቶቡስ ላይ ስድብ ፈርታ? ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለሚረዳት ሰው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

አፋችንን ሳንከፍት በመልካችን ብቻ ሲፈረድብን ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። ነገ ቢሯችን የምትገባውን ሴትም በልብሷ አንፍረድባት፤ ጠይቀን እንስማት።

ለውይይት

1. እናቶቻችን እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ከአለባበሳቸው ምን ለወጡ? ምንስ አቆዩ? ምክንያቱን ጠይቀናቸው እናውቃለን?
2. «ማን አስገደደሽ?» ከማለት ይልቅ ምን ብለን ብንጠይቅ ይሻላል?