የተረሱት መበለቶች

በኢየሩሳሌም የነበሩ የፊተኞቹ ክርስቲያኖች ገንዘባቸውን ለየብቻ አያኖሩም ነበር። መሬት ያለው መሬቱን፣ ቤት ያለውም ቤቱን እየሸጠ ዋጋውን ለሐዋርያት ያስረክብ ነበር፤ ከዚያም ለችግረኛው ይታደል ነበር። ይህን የሰማ ሰው፣ በዚያ ጉባኤ ማጕረምረም ከቶ አልነበረም ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገር ግን ነበረ። የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍም ነገሩን አልሸሸገውም፤ በስድስተኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል።

ከምእመናኑ አንዳንዶቹ የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን የጽርእን፣ ይኸውም የግሪክን ቋንቋ ይናገሩ ነበር። በየቀኑ ምግብ ሲታደል የጽርእ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይታለፉ ነበር። መበለት ማለት ባልዋ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ክፉ ሰው ተነሥቶ ከለከላቸው ተብሎ አልተጻፈም። ምናልባት የሚያድለው ሰው ስማቸውን አያውቅ ይሆናል፤ ምናልባትም በሚሰሙት ቋንቋ የጠራቸው አልነበረ ይሆናል። የሆነ ሆኖ ሰው በክፋት ቢረሳም በቸልታ ቢረሳም ረኀቡ አንድ ነው።

ሐዋርያት ያጕረመረሙትን ሰዎች ዝም በሉ ብለው አልገሠጹአቸውም። ሕዝቡን ሁሉ ሰበሰቡ፤ ለዚህም ሥራ የታመኑ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። እስጢፋኖስና ፊልጶስ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። የሰባቱም ስም የጽርእ ስም ነው፤ እንግዲህ መሶቡ በአደራ የተሰጠው ቅር ለተሰኙት ወገኖች ይመስላል። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ የንግሥት ህንደኬን ጃንደረባ አግኝቶ ያጠመቀው ይኸው ፊልጶስ ነው። እንጀራ ለማደል የተሾመው ሰው ለኢትዮጵያዊው መንገደኛ ወንጌልን አደለው።

አዳማም ብዙ ቋንቋ የሚሰማባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በእርስዋ በኩል አልፎ ነው። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመን ጌታችን ባደገባት ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች፤ ኋላም ወደ ቀደመው ስምዋ ተመለሰች። በ1946 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ ከከምባታና ከሐድያ፣ ከወላይታም ብዙ ሰዎች ለአገዳው ሥራ ወርደዋል። ከእነርሱም መካከል ካቶሊካውያን ነበሩ። ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚሄደው መንገድ ያሉት ከተሞች፣ የጳጳስ መንበር ያለባት መቂ፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው ባቱ፣ ሻሸመኔም እንዲሁ የብዙ ወገን መገናኛ ናቸው።

በአንድ ቆሞስ ጠባቂነት የሚኖሩ ምእመናን ቁምስና ይባላሉ። ነገር ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስለ ተሰበሰቡ ብቻ ቤተ ሰብ አይሆኑም። ይህም በዐቢይ ጾም ጊዜ ይታወቃል። በላቲን ሥርዐት የሚቀድሱት በግንባራቸው አመድ ተቀብለው ጾሙን ይጀምራሉ፤ በግዕዝ ሥርዐት ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቍላልም አይበላባቸውም። ከጾመኛው ማዕድ የቀረው ወደ ድኃው ማዕድ እንዲሄድ ከጥንት የታዘዘ ነው። ለበዓለ ትንሣኤ ብሎ በጓዳው የሚያከማቸው ሰው ምግቡን አዘገየ እንጂ ጾመ ለማለት ያስቸግራል።

በግዕዝ ሥርዐት የጾሙ አራተኛው እሑድ መጻጕዕ ይባላል። በዚያ ዕለት 38 ዓመት የታመመው ሰው ታሪክ ይነበባል። በመጠመቂያው ዙሪያ ብዙ ሕዝብ ነበረ፤ ውሃው ሲናወጥ ይህን ድውይ ተሸክሞ የሚያወርደው አንድ ሰው ግን አልተገኘም። በሕዝብ መካከል ሆኖ ሰው ማጣት እንዲህ ነው።

አንዲት አሮጊት እናት ልጅዋን ተከትላ ከከምባታ ወደ አዳማ መጥታለች እንበል። ልጅዋ ሞተ፤ እርስዋም ከከምባትኛ በቀር ቋንቋ አታውቅም። ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች በየቋንቋቸው ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ይህ ኀጢአት አይደለም፤ እርስዋ ግን ከግድግዳው አጠገብ ብቻዋን ትቀመጣለች። ቅዳሜ ሽሮና ምስር፣ ዘይትም ለችግረኞች ሲታደል የስም ዝርዝሩ በአማርኛ ይነበባል፤ ንባቡም ፈጣን ነው። ስምዋ በዝርዝሩ አለ፤ እርስዋ ግን አልሰማችም፤ ተነሥታም አልተቀበለችም። አንባቢው ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። በሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ክፉ ያደረገባት ማንም የለም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከንባብ ተማሪዎች አንዱ ዝርዝሩን እንዲያነብ ታዘዘ። ልጁ ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ያነብ ነበር፤ አንዳንዶችም ዘገየ ብለው ተሰላቹ። ከስምዋ ሲደርስ መልስ አጣ። ወደሚቀጥለው ስም ከማለፍ ቀና ብሎ ሰዉን ተመለከተ፤ ከግድግዳው አጠገብ የተቀመጠችውንም አያት አየ። ከምባትኛ የሚያውቅ ጓደኛውን ጠርቶ ይዞት ሄደ፤ ጓደኛውም አጠገብዋ ተንበርክኮ በቋንቋዋ፣ «እናቴ፣ የእርስዎ ስም ተጠርቷል» አላት። እርስዋም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ሁለቱም ልጆች ደግፈው ወደ መሶቡ ወሰዱአት።