ካታሊቲክ ኮንቨርተር ለምን ይበላሻል? አዲስ ከመግጠማችን በፊትስ ምን እንመርምር?



ካታሊስት የኬሚካዊ ለውጥን ፍጥነት ይጨምራል እንጂ ራሱ በለውጡ አያልቅም። ይህን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ነገ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ የማያልቅ ከሆነ የመኪና ካታሊቲክ ለምን ተበላሸ ይባላል?» ቢለን ግን ምን እንመልሳለን? የዛሬው ትምህርታችን በሃይብሪድ መኪና ምሳሌነት ይህን ያስረዳል።

ሀ. ምንነቱና ሥራው

ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከሞተሩ በኋላ፣ ከማርሚታው በፊት፣ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ይገጠማል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ባለ ብዙ ቀዳዳ ሴራሚክ ነው። በሴራሚኩ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን የሚለወጡት እዚህ ነው።

ነገሩን በምጣድ እንመስለው። ምጣድ ስንት ዓመት ቢጋገርበት አያልቅም። ካልጋለ ግን አይጋግርም፤ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ፊቱ ከተበላሸም እንጀራው አይነሳለትም። ካታሊስትም እንዲሁ ነው። ሥራው አይጨርሰውም፤ የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። ለተማሪው የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ለ. የሚያበላሹት ነገሮች

1ኛ/ የፊቱ መሸፈን። ፈረንሳይ የተወለደው ኢንጂነር ዩጂን ሁድሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመኪና የሚሆን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ቢሠራም፣ የዚያ ዘመን ቤንዚን እርሳስ የተጨመረበት ስለነበር ፈጠራው በሰፊው ሊሠራበት አልቻለም። እርሳሱ ማዕድናቱን ይሸፍናቸዋል። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ ተስማምተው እንዲህ ያለውን ቤንዚን በ2006 አስወገዱ፤ ከዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ዛሬ ፊቱን የሚሸፍነው በአብዛኛው ሞተሩ የሚበላው ዘይትና በተበላሸ የቴስታታ ጋስኬት የሚያልፍ የራዲያተር ፈሳሽ ነው።

2ኛ/ ያለመጠን መጋል። ካንዴላ ሲደክም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲኩ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፤ ሴራሚኩም ሊቀልጥ ይችላል።

3ኛ/ ምት። ድንጋይ ከመታው ሴራሚኩ ይሰበራል፤ በጎማ መዶሻ ቀስ አድርገን ስንነካው ይንኳኳል።

ሐ. የሃይብሪድ ልዩ ጠባይ

ሃይብሪድ መኪና የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ ይዟል። ቶዮታ ፕሪየስ በ1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀርቧል። እንዲህ ያለ መኪና በባሕር ዳር ዘንባባዎች ሥር ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ወይም በባጃጆች መካከል ሲቆም፣ ቤንዚኑ ሞተር ይጠፋል፤ ካታሊስቱም መቀዝቀዝ ይጀምራል። ካታሊስት ደህና አድርጎ የሚሠራው ግን 250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ መኪናው አንዳንዴ ካታሊስቱን ለማሞቅ ብቻ ሞተሩን በራሱ ያስነሳል።

መ. ምርመራና አለዋወጥ

የሞተር መብራት በርቶ መመርመሪያው ፒ0420 ቢል፣ «ካታሊቲኩ አለቀለት» ብለን አንቸኩል። ኮዱ የሚነግረን ብቃቱ መቀነሱን ነው፤ ማን እንዳበላሸው አይነግረንም። በመጀመሪያ ቱቦው ጭስ ያፈስ እንደሆነ፣ ካንዴላውን፣ የዘይቱንና የራዲያተሩን መጠን እንይ። ከዚያ ከካታሊቲኩ በኋላ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር እናንብብ፤ ሞተሩ ሞቆ፣ ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ ንባቡ የረጋ ከሆነ ካታሊስቱ ይሠራል፤ ቶሎ ቶሎ ከተዋዠቀ ደክሟል።

መለወጡ ግድ ከሆነ፦
- መኪናውን አጥፍተን ቁልፉን ከመኪናው እናርቅ፤ አለዚያ ሞተሩ በራሱ ሊነሳ ይችላል። ብርቱካናማዎቹን ሽቦዎች ፈጽሞ አንንካ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሸከማሉ።
- ቱቦው እስኪበርድ እንጠብቅ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥሩ አይገባም፤ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግለት።
- ሴንሰሮቹን፣ ቀጥሎም ቡሎኖቹን እንፍታ። ጋስኬቱ አዲስ ይሁን።
- ከገጠምን በኋላ ጭስ አለማፍሰሱን አይተን፣ ኮዱን አጥፍተን፣ መኪናውን ነድተን እንፈትሽ።

ዘይት የሚበላውን ሞተር ሳይጠግኑ አዲስ ካታሊቲክ መግጠም ግን በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ሠ. ባዶ ቱቦ ቢገጠምስ?

«ዝም ብለህ ቀደህ አውጣው፣ መኪናው ይሄዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ይሄዳል። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ጭሱን የሚተነፍሱት የባጃጁ ሹፌር፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናትና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። እንግዲህ በእጃችን ያሉት ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነውና በወጉ እንያዛቸው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ካታሊስት የማያልቅ ሆኖ ሳለ ብቃቱ ለምን ይቀንሳል?
2. የሃይብሪድ ካታሊስት ለምን ቶሎ ቶሎ ይቀዘቅዛል?
3. ይህን ትምህርት ምጣድን እንደ መርጃ መሣሪያ ተጠቅማችሁ ለ8ኛ ክፍል እንዴት ታስተምሩታላችሁ? የ10 ደቂቃ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅታችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።